ዛንዚባር ሆናችሁ ኦንላይን ስትሠሩ መብራት ከሄደ ምን ታደርጋላችሁ

ዛንዚባር ሄጄ ለተወሰነ ጊዜ ከዛ ልሥራ የሚል ሰው በዝቷል፣ ያው ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፣ የሰዓት ልዩነት የለም፣ ባሕሩ እደጅ ነው። ሁሉም ስለ ኪራይና ስለ ዓሣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ስለ መብራት ሚጠይቅ ግን የለም። "ኧረ እኛ ለመብራት መጥፋት አዲስ ነን እንዴ" ትላላችሁ። አይደላችሁም፣ ግን አዲስ አበባ ላይ መብራት ሲሄድ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ ብትሉ ጄኔሬተር ያለው ካፌ አይጠፋም፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፣ ሹራብ ደርቦ መቀመጥ ይቻላል። ፓጄ ወይ ጃምቢያኒ (የደሴቷ ምሥራቅ ዳር ያሉ የባሕር መንደሮች ናቸው) ላይ ስትሆኑ መብራት ሲሄድ ማራገቢያው ቆመ ማለት ነው፣ የውሃ ፓምፑ ቆመ ማለት ነው፣ ዋይፋዩ ሄደ ማለት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላባችሁ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ ሚቲንግ ለመግባት ትታገላላችሁ።

ብዙ ሰው ትልቅ ፓወር ባንክ ይገዛና በቃ ተዘጋጀሁ ይላል። ላፕቶፕ እኮ ቀላሉ ነገር ነው፣ የራሱ ባትሪ አለው፣ ሦስት አራት ሰዓት ብቻውን ይቆማል። በሴኮንድ ውስጥ ሚሞተው ኢንተርኔቱ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁንም ጭንቀታችሁንም መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ላይ አውሉት፣ ሌላው ከዛ በኋላ ይደርሳል። እዚህ ጽሑፍ ላይ የቪዛና የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ውስጥ አልገባም፣ እሱ ራሱን የቻለ ነገር ነው።

መብራቱ ለምን እንደሚሄድ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ምን ያህል መዘጋጀት እንዳለባችሁ ከዚህ ነው ሚታወቀው። ዋናዋ ደሴት ኡንጉጃ መብራቷን የምታገኘው ከታንዛኒያ ዋና ምድር በባሕር ስር በተዘረጋ ኬብል ነው። የመጀመሪያው ኬብል እ.ኤ.አ. በ1980 የገባ ሲሆን 45 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር ሚሸከመው። እሱ መስመር በ2008 ተበላሽቶ ደሴቷ ለአንድ ወር ገደማ ጨለማ ውስጥ ነበረች፣ ከዛ ደግሞ ከ2009 ዲሴምበር እስከ 2010 ማርች ለሦስት ወር ያህል ድጋሚ ጠፋ፣ ሦስት ወር! ሆቴሎቹ ሁሉ በጄኔሬተር የቆሙት ያኔ ነው፣ ዛሬም ትንሽ ትልቅ የሚባል ሆቴል ሁሉ ጄኔሬተር ያለው በከፊል ከዛ ትምህርት ይመስለኛል። በ2013 በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ 100 ሜጋ ዋት ሚሸከም ሁለተኛ ኬብል ገባ፣ ከዛ ወዲህ እንደዛ ዓይነት የወራት ጨለማ አልተደገመም። ሁለተኛዋ ደሴት ፔምባ ሌላ ታሪክ ናት፣ እሷ ከዋናው ምድር በታንጋ ከተማ በኩል የመጣ የራሷ ኬብል አላት፣ ከ2010 ጀምሮ።

ኬብሉ ጥሩ ቢሆንም ግን ዋናው ምድር ላይ ችግር ሲኖር በኬብሉ ተከትሎ ይመጣል። በ2022 መጨረሻና በ2023 ታንዛኒያ ውስጥ ፈረቃ ነበር፣ በ2024 መጀመሪያ ሩፊጂ ወንዝ ላይ ያለው የጁሊየስ ኔሬሬ ግድብ (ሙሉ አቅሙ 2,115 ሜጋ ዋት) ማመንጨት ሲጀምር ነው ነገሩ እየቀለለ የመጣው። አሁን በብዛት ሚያጋጥማችሁ አጭሩ ዓይነት ነው፣ ዝናብና ነፋስ ዛፍ ጥሎ የመንደር መስመር ሲቆርጥ፣ ትራንስፎርመር ሲቃጠል፣ ለጥገና ሲያጠፉ። ግማሽ ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ከጠዋት እስከ ማታም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ከተዘጋጃችሁ በቂ ነው፣ ለሳምንት ልዘጋጅ ካላችሁ ሻንጣችሁ አይችለውም፣ ለሱ ሌላ መፍትሔ አለው፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ወቅቱንም እወቁ። ከማርች እስከ ሜይ ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው፣ ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ እስከ ዲሴምበር ቩሊ የሚባለው ትንሹ ዝናብ አለ። ከዲሴምበር እስከ ማርች ደግሞ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ጊዜ ነው፣ ሙቀቱ ያኔ ነው ሚብሰው፣ ኤሲ ያለው ሁሉ ኤሲውን ይለቃል፣ ማታ ማታ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ታዩታላችሁ። መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሂዱ፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዝናቡም ትንሽ ነው፣ ዋጋው ግን ከጁላይ ጀምሮ ይወጣል። ኪራይ ረከሰ ብላችሁ ኤፕሪልና ሜይ የምትሄዱ አንድ ነገር አስቡ፣ በዛ ወቅት የባሕር ዳሩ ሆቴሎች ብዙዎቹ ይዘጋሉ፣ እና መብራት ሲጠፋ እሮጥበታለሁ ያላችሁት ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ራሱ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ።

ቤት ከመያዛችሁ በፊት

"ባክአፕ አላችሁ ወይ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ነው ሚላችሁ፣ አልዋሹም ደግሞ። የአንዳንዱ ባክአፕ ፍሪጅና ባሩን ብቻ ነው ሚያበራው፣ የአንዳንዱ ጄኔሬተር የሚነሳው ሲመሽ እንግዳ እራት ሲበላ ብቻ ነው፣ ቀን በናፍጣ ገንዘብ ማራገቢያ ሚያዞር የለም። እናንተ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድ ራውተሩ ይሠራል ወይ? ጄኔሬተሩ የኔ ክፍል ሶኬት ላይ ይደርሳል ወይ? ራሱ ነው ሚነሳው ወይስ ሰው ነው ሚያስነሳው፣ ሰውዬው ማታ እዛ ያድራል ወይ? የራውተሩን ፎቶ ላኩልኝ በሉ፣ የተሰካበት ሶኬት ጭምር እንዲታይ። ፎቶ ለመላክ ሚያንገራግር አከራይ ካለ ራውተሩ ምናልባት ሦስት ቤት አልፎ ጎረቤት ያለ ነው፣ እናንተ የምታገኙት የሱን ፍርፋሪ ነው።

የውሃውንም አትርሱ። ሮቶ ጣራ ላይ ወይ ማማ ላይ ካለ መብራት ባይኖርም ውሃ በራሱ ይወርዳል። ሮቶው መሬት ላይ ሆኖ በፓምፕ ከሆነ ግን መብራት ሲሄድ ሽንት ቤትም ሻወርም አብሮ ይሄዳል፣ እንዲህ ያለ ቤት ከያዛችሁ ሁለት ባልዲ ሁልጊዜ ሞልታችሁ አስቀምጡ።

ቆጣሪው ቅድመ ክፍያ ነው፣ ቱኩዛ ይሉታል፣ ከሱቅ ወይ በሞባይል ገንዘብ ትገዙና 20 አሃዝ ቁጥር ይመጣላችኋል፣ ቆጣሪው ላይ ትነኩታላችሁ። ማን ነው ሚሞላው፣ እናንተ ናችሁ ወይስ አከራዩ? ይሄን ከመጀመሪያው ጨርሱ፣ ምክንያቱም መብራት ጠፋ ተብሎ ሰፈር ሁሉ ተጠይቆ በመጨረሻ ሂሳቡ አልቆ ሚገኝበት ጊዜ ቀላል አይደለም። የቆጣሪ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ አከራዩ ዳሬሰላም ሄዶ ስልክ ባያነሳ ራሳችሁ ትሞላላችሁ።

ሌላው የቤቱ አሠራር ነው። ማኩቲ የሚባለው የኮኮናት ቅጠል ጣራ ያለው ቤት መብራት ሲሄድ ከቆርቆሮ ቤት በጣም ይሻላል፣ መስኮቱ በሁለት በኩል ተከፍቶ ከባሕር በኩል ነፋስ ሚያስገባ ከሆነ ማራገቢያ ሳይኖርም ይሠራበታል። ኤሲ ያለው፣ መስኮቱ አንድ ብቻ የሆነ፣ በኮንክሪት የተዘጋ "ዘመናዊ" ስቱዲዮ ፎቶው ያምራል፣ መብራት ሲሄድ ግን ምጣድ ነው።

ራውተሩን ማዳን

አሁን ዋናው ነገር። ቤቱ ፋይበር ካለው ብዙ ጊዜ ሁለት ሳጥን ነው ያለው፣ አንዱ ፋይበሩ ሚገባበት ትንሽ ሳጥን፣ ሌላው ዋይፋይ ሚሰጠው ራውተር። ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ፣ አንዱን ብቻ ብታድኑ ዋጋ የለውም (አንዳንዱ ቤት ሁለቱም በአንድ ሳጥን ነው፣ እሱ ይቀላል)። ቻርጀራቸውን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ፣ በብዛት 12 ቮልት 1 አምፒር ወይ 12 ቮልት 1.5 ይላል፣ 9 ቮልትም አለ። ሁለቱም አንድ ላይ እውነተኛ ፍጆታቸው ከ10 እስከ 15 ዋት አካባቢ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም። ለዚህ ተብሎ ሚሸጥ የራውተር ሚኒ ዩፒኤስ አለ፣ መጽሐፍ የምታህል ሳጥን ናት፣ ግድግዳው ላይ ተሰክታ ትቀመጣለች፣ መብራት ሲሄድ ራውተሩ ሳያውቀው በባትሪ ይቀጥላል። 10,000 ሚሊ አምፒር አካባቢ የሆነችው ሁለት ሳጥን ሁለት ሰዓት ተኩል ምናምን ትይዛለች፣ አንድ ሳጥን ብቻ ከሆነ አራት ሰዓትም ሊሄድ ይችላል። ሁለት መውጫ ያላትን ግዙ። ከሁሉም ዕቃ አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ እቺን ነው ምለው፣ ከፓወር ባንክም በፊት።

ሚኒ ዩፒኤስ ካላገኛችሁ ከፓወር ባንክ ወደ 12 ቮልት ሚያወጣ ኬብል አለ፣ እሱም ይሠራል፣ ችግሩ መብራት ሲሄድ ራሳችሁ ነቅላችሁ ስለምትሰኩት ለሁለት ደቂቃ ትቆረጣላችሁ። ቮልቱን ሳታዩ እንዳትሰኩ ብቻ፣ 9 ቮልት ሚፈልግ ራውተር ላይ 12 ከሰጣችሁ ልታቃጥሉት ትችላላችሁ፣ ዕቃው ደግሞ የአከራዩ ነው። አስፈቅዱም፣ ብዙዎቹ ደስ ነው ሚላቸው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ራውተሩ እየበራ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ከናንተ ቤት በላይ ያለው መሣሪያ ራሱ መብራት ይፈልጋል፣ ሰፈሩ ላይ ያለው የድርጅቱ ሳጥን ባትሪው ካለቀ የናንተ ዝግጅት ምንም አይሠራም። ፋይበሩ ሳጥን ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ካለ ምልክቱ ከዛ ወዲያ ተቋርጧል ማለት ነው፣ ራውተሩን ደጋግማችሁ አታጥፉ አታብሩ፣ ወደ ሲም ካርድ ሂዱ። የመጀመሪያው መብራት መጥፋት ላይ ይሄን በደንብ ተመልከቱት፣ ፋይበሩ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጻፉ፣ ከዛ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ሁለት ሲም

ሁለት ሲም ያዙ፣ ከሁለት የተለያየ ድርጅት። ቮዳኮም፣ ኤርቴል፣ ያስ (በፊት ቲጎና ዛንቴል የነበሩት ናቸው) እና ሃሎቴል አሉ። የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ መንደር በመንደር ነው ሚለያየው፣ ስቶን ታውን (አሮጌው የከተማው ክፍል) ላይ ሚፈጥነው ማቴምዌ ወይ ኑንግዊ መንደር ላይ ላይሠራ ይችላል፣ ስለዚህ ሄዳችሁ ሰፈሩ ላይ ያሉትን ሰዎች፣ በተለይ የካይት ሰርፊንግ አስተማሪዎቹንና የሆቴል ሪሴፕሽኖቹን ጠይቁ፣ እነሱ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው። ሲሙ በፓስፖርትና በጣት አሻራ ነው ሚመዘገበው፣ መንገድ ላይ ተመዝግቦ ያለቀ ሲም ልሽጥላችሁ ሚል ካለ እለፉት፣ ወይ በሌላ ሰው ስም ነው ወይ ነገ ይዘጋል።

መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚገለበጥ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ አራት ባር እያሳየ ምንም ላይከፍት ይችላል። ያኔ ስልኩን 4ጂ ብቻ ከሚለው ወደ 3ጂ መልሱት፣ ቀርፋፋ ቢሆንም ሰው ስለሌለበት መልእክትና ኢሜይል ያሳልፋል፣ ድምፅም አንዳንዴ። የኔትወርክ ማማውም ባትሪ አለው፣ ባትሪው ሲያልቅ ጄኔሬተር ካላስነሱለት እሱም ይሄዳል፣ ስለዚህ ሰዓታት ሲቆጠሩ ሁለተኛው ሲም ሌላ ማማ ላይ መሆኑ ነው ሚያድናችሁ።

ፓኬጁን ቀድማችሁ ግዙት። መብራት ከሄደ በኋላ ዳታ ልግዛ ስትሉ የሞባይል ገንዘቡ ዝግ ይላል፣ ሱቁ ዝግ ነው፣ ትበሳጫላችሁ። ቪዲዮ ያለው ሚቲንግ በሰዓት 1 ጊጋ ገደማ ይበላል፣ በድምፅ ብቻ ከሆነ ከ100 ሜጋ በታች ነው፣ ከዚህ አስሉት። ስልኩን ሆትስፖት ከማድረግ በኬብል ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት ይሻላል፣ መስመሩ አይዋዥቅም፣ ስልኩም በሙቀት አይጠፋም። ስልክ በዛ ሙቀት ሆትስፖት ሆኖ፣ ቻርጅ እየተደረገ፣ ፀሐይ ባለበት መስኮት ላይ ከተቀመጠ ራሱን ያጠፋል፣ ጥላ ውስጥ አድርጉት።

ስለ ባትሪ ሂሳብ

ፓወር ባንክ ላይ የተጻፈው ሚሊ አምፒር ያሳስታል። በ3.7 አባዙና ለ1000 አካፍሉ፣ ዋት አወሩ (ባትሪው ሚይዘው የኃይል መጠን) ይመጣላችኋል። 20,000 የሚለው 74 ዋት አወር ነው፣ በማስተላለፍ ሚባክነው ሲቀነስ 60 አካባቢ ነው ለላፕቶፑ ሚደርሰው። ቀለል ያለ ሥራ ላይ ያለ ላፕቶፕ ከ12 እስከ 20 ዋት ይበላል፣ ስለዚህ ሦስት አራት ሰዓት ይጨምርላችኋል፣ ከራሱ ባትሪ ጋር አንድ የሥራ ቀን ሊሞላ ይችላል። ቪዲዮ ኤዲት ለምትሠሩ ይሄ ሂሳብ አይሠራም፣ ግማሹን ቁጠሩት።

ስትገዙ 65 ዋት በዩኤስቢ ሲ ሚያወጣ መሆኑን አረጋግጡ፣ የስልክ ፓወር ባንክ ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩት ምንም አያደርግም ወይም ባትሪው እየቀነሰ ነው ሚሄደው። ኬብሉም ቢሆን ደካማ ከሆነ ፓወር ባንኩ ጥሩ መሆኑ አይጠቅምም። አውሮፕላን ላይ ደግሞ እስከ 100 ዋት አወር ያለ ፈቃድ ይገባል፣ ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን አስፈቅዳችሁ ነው፣ ከዛ በላይ አይገባም፣ ሁሉም ደግሞ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ለካርጎ ሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት። 27,000 ላይ ያቁሙ ሚባለው ለዚህ ነው፣ ልክ 100 ላይ ስለሚደርስ። 100 ሊደርስ ትንሽ የቀረውን ፓወር ባንክ ሁለት ከመያዛችሁ በፊት ግን የምትሄዱበትን አየር መንገድ ሕግ ተመልከቱ፣ በቁጥርም ሚገድቡ አሉ።

እነዛ 500 ዋት አወር ሚሆኑት ትልልቅ የፓወር ስቴሽን ሳጥኖች በአውሮፕላን አይሄዱም እንግዲህ። ረዘም ላለ ጊዜ ከሆናችሁ እዛው ነው ሚገዛው፣ ወይም ስቶን ታውን ዳራጃኒ ገበያ አካባቢ ካሉ ሱቆች ባትሪና ኢንቨርተር ገዝቶ ፉንዲ (ጥገና ሠራተኛ ማለት ነው) ጠርቶ ማስገጠም። 12 ቮልት 100 አምፒር የሆነ የሶላር ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት አወር ነው፣ ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ነው ምትጠቀሙት፣ 600። ላፕቶፕ፣ ሁለት የኢንተርኔት ሳጥን፣ ትንሽ ማራገቢያና አንድ አምፖል በድምሩ 60 ዋት ገደማ ቢሆን ኪሳራውን ቀንሳችሁ ስምንት ሰዓት ይሰጣችኋል። የመኪና ባትሪ ርካሽ ነው ብሎ ሚያቀርብላችሁ ካለ እሱ ቀስ ብሎ ለሚያልቅ ሥራ የተሠራ ስላልሆነ ቶሎ ይበላሻል። ኤሲ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ በዚህ ላይ አታስቡ።

ታጣፊ ሶላር ፓነል ሚይዙ አሉ። 100 ዋት የተባለው በጥሩ ፀሐይ 60 እስከ 70 ከሰጠ ጥሩ ነው፣ የኮኮናት ጥላ ትንሽ ከነካው ደግሞ በጣም ይወርዳል። ሥራ ላይ ሆኖ በየሰዓቱ ፓነል ማዞር አለ፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ ማንሳት አለ፣ እኔ አልመክርም፣ መብራቱ በብዛት ሚጠፋው በደመና ቀን መሆኑን ስታስቡት ደግሞ።

ሶኬት ነገር፦ እዛ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዙ ዓይነት ነው፣ የኛ ሁለት ክብ እግር አይገባም። ጥሩ አዳፕተር አንድ ይዛችሁ ከሀገር ቤት ማከፋፈያ ጋር ብትሄዱ ይበቃል። እስክሪብቶ ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ከቶ ክቡን እግር በግድ ማስገባት ብዙ ሰው ሚያደርገው ነገር ነው፣ ተዉት፣ ይላላል፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል።

መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው ዕቃ ሚያቃጥለው። ስለዚህ ሲሄድ ቻርጀሩን፣ ራውተሩ ዩፒኤስ ከሌለው እሱንም፣ ንቀሉት፣ አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይተው፣ እሱ ሲበራ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ተመልሶ እንደማይጠፋ ስታዩ ስኩት። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ሚል ካለ የማታው ደካማ መብራት አይጎዳውም፣ ሚጎዳው ድንገት ሲዘል ነው።

ጨዋማው አየር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው ሚገድለው። የቻርጀር ጫፍ አረንጓዴ እየሆነ ይመጣል፣ የላፕቶፑ ቀዳዳ ይዝጋል። ማታ ማታ ላፕቶፑንና ፓወር ባንኩን በዚፕ ሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ፣ ጫማ ሳጥን ውስጥ ሚገኙትን እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጨምራችሁ አስቀምጡ።

የሥራ ሰዓታችሁን ከመብራቱ ጋር ማስታረቅ

ለአሜሪካ ሚሠራ ሰው ችግሩ ይብሳል። ኒውዮርክ ሥራ ሚጀምረው በነሱ ክረምት በኛ 11 ሰዓት፣ በነሱ በጋ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ ስለዚህ ሚቲንጋችሁ ሁሉ ማታ ላይ ይወድቃል፣ ልክ ሁሉም ቤት መብራት አብርቶ ምግብ ሚያበስልበትና ሚያርፍበት ሰዓት ላይ። ፀሐይዋ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው ምትጠልቀው። ለአውሮፓ ወይ ለገልፍ ሀገር ለምትሠሩ ይቀላል፣ አብዛኛው ሥራችሁ በቀን ብርሃን ያልቃል። እንደ ደንብ ያዙት፣ በኛ 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር 100 ፐርሰንት መሆን አለበት፣ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ፓወር ባንክ። ላፕቶፕ ባትሪ እንዳይጎዳ 80 ላይ ይቁም የሚለውን ሴቲንግ በዝናቡ ወቅት አጥፉት፣ ባትሪው ትንሽ ቢያረጅ ይሻላል።

ለአለቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሩት። መብራት በሄደ ቁጥር "ይቅርታ መብራት ሄዶ ነው" ማለት ሦስተኛው ላይ ሰው ያሰለቻል። ከዛ ይልቅ ቀድማችሁ፣ መስመሬ ከተቋረጠ በ10 ደቂቃ ውስጥ በስልክ እመለሳለሁ፣ ያኔ ካሜራ አላበራም፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ግን ያለ ኢንተርኔት ይቀጥላል በሉ። ከዛ እንዳላችሁት አድርጉ። ስክሪን ሼር አድርጋችሁ ፕሬዘንት ምታደርጉ ከሆነ ፋይሉን ቀድማችሁ ለሌላ ሰው ላኩለት፣ ከተቆረጣችሁ እሱ ያሳያል፣ እናንተ በድምፅ ትቀጥላላችሁ።

ያለ ኢንተርኔት ሚሠራ ሥራ ሁልጊዜ ይኑራችሁ። ዶክመንቶቹን ኦፍላይን እንዲከፈቱ አድርጉ፣ ኮድ ምትጽፉ ከሆነ የምትፈልጓቸውን ፓኬጆችና ዶክመንቴሽን አውርዱ፣ ቶሎ ቶሎ ፑሽ አድርጉ። ትልቅ አፕዴት፣ ትልቅ አፕሎድ ከሆነ ጠዋት ማልዳችሁ ጨርሱት። ላፕቶፑ በራሱ አፕዴት እንዳይጀምር አጥፉት፣ መሀል ላይ ባትሪ ቢያልቅ ሌላ መዘዝ ነው።

ልክ ሲሄድ

የመጀመሪያው ነገር በመስኮት ጎረቤት ማየት ነው። የጎረቤት ከበራ ቆጣሪያችሁ ወይ ፊውዛችሁ ነው። የሁሉም ከጠፋ ለዘበኛው ወይ ለሱቁ ሰውዬ "ኡሜሜ ኡታሩዲ ሳ ንጋፒ" በሉት፣ መብራት ስንት ሰዓት ይመለሳል ማለት ነው፣ ለጥገና ከሆነ ብዙ ጊዜ ያውቁታል። እዚህ ላይ ሐበሻ ብቻ ሚያገኘው ጥቅም አለ፣ ስዋሂሊ ሰዓት ሚቆጥረው ልክ እንደኛ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ብሎ ነው ሚጀምረው። ሳ ናኔ ካላችሁ ስምንት ሰዓት ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ አለቀ። ፈረንጆቹ 6 ሲደምሩና ሲቀንሱ እናንተ ገብቷችኋል። በእንግሊዝኛ ከነገሯችሁ ግን በየትኛው ሰዓት እንደሆነ አረጋግጡ፣ የ6 ሰዓት ስህተት ሚቲንግ ያስቀራል።

ከዛ የስክሪን ብርሃን ቀንሱ፣ ካሜራ አጥፉ፣ ክፍት የተውትን 40 ታብ ዝጉ። ስልኩን ለኢንተርኔት ካላገናኛችሁት በቀር በላፕቶፑ ቻርጅ አታድርጉ፣ ከፓወር ባንኩ አድርጉ። ፍሪጁን አትክፈቱ፣ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። አንድ ሰዓት አልፎት ተመላሽ ካልመሰለ እና ሚቲንግ ካላችሁ ባትሪው ሳያልቅ፣ ሰው ሁሉ ሳይሮጥ፣ ተነሱ። ጄኔሬተር ያለውን ሆቴል ቀድማችሁ አውቃችሁት መሆን አለበት፣ በሰላሙ ቀን አንዴ ሄዳችሁ ምሳ ብሉ፣ ዋይፋዩን ሞክሩ፣ መብራት ሲጠፋ ለውጭ ሰው ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቁ። ፓጄ ላይ ለኦንላይን ሠራተኛ የተዘጋጁ ቦታዎች አሉ፣ በወር ወይ በቀን ይከፈላል። ካልሆነ ስቶን ታውን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በዳላዳላ (የነሱ ታክሲ ነው፣ ሚኒባሱ) ይረዝማል። በረመዳን ግን ቀን ላይ ከሆቴል ውጪ ያሉ ካፌዎች ብዙዎቹ ዝግ ናቸው፣ ዕቅዳችሁን በዛ መሠረት አስተካክሉ። ሽልንግ በጥሬው ያዙ፣ መብራት ሲጠፋ ካርድ ማሽኑም ኤቲኤሙም አይሠራም፣ ከመንደሩ ወደ ከተማ ለመውጣት ቦዳ ቦዳው (የሞተር ሳይክል ታክሲው) ጥሬ ነው ሚፈልገው።

ማታ ከሆነ ግንባር ላይ ሚታሰር ባትሪ፣ በዩኤስቢ ሚሠራ ትንሽ ማራገቢያ (5 ዋት ነው ሚበላው፣ ፓወር ባንክ ሌሊቱን ይይዘዋል) እና አጎበር። ለነፋስ መስኮት ስትከፍቱ ትንኝ ይገባል፣ ወባ አለ፣ አጎበሩ ውስጥ ሆናችሁ ማራገቢያዋን ወደ ውስጥ አስገቡት። ጄኔሬተር ያለው ግቢ ውስጥ ከተኛችሁ ጭሱ ወደ መስኮታችሁ እንደማይነፍስ እዩ፣ ሽታ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሰው ይገድላል፣ በረንዳ ላይም ቤት ውስጥም ጄኔሬተር አይነሳም።

ከአንድ ቀን ካለፈና ምክንያቱ ትልቅ ከሆነ ከደሴቷ መውጣት ነው። ፈጣኑ ጀልባ ዳሬሰላም ሁለት ሰዓት ገደማ ነው ሚፈጀው፣ ፓስፖርት ያዙ። ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ዳሬሰላም ራሷ መብራት እንዳላት ጠይቁ፣ ችግሩ ከዋናው ምድር መስመር ከሆነ እዛም ጨለማ ነው፣ ያኔ ጥሩ ጄኔሬተር ያለው የዛንዚባር ሆቴል ውስጥ ሁለት ሌሊት መተኛት ከጀልባውም ይረክሳል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ።

ስትመለሱ ትልቁን ባትሪ ይዛችሁ መሄድ ስለማትችሉ ከሁለት ሳምንት በፊት ሽያጩን ጀምሩ፣ አዲስ ሚመጣ ኦንላይን ሠራተኛ ሁልጊዜ አለ፣ አከራዩም ሊገዛችሁ ይችላል። ሚኒ ዩፒኤሷን ግን ባትሪዋ ከ100 ዋት አወር በታች ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ይዛችኋት ግቡ፣ አዲስ አበባም ላይ ሥራ አታጣም።